ሦስተኛ ማርሽ እምቢ ያለ ሰሞን

ቅዳሜ፣ ጥር 2፤ ጠዋት 3 ሰዓት

የኤልያስ ሞተር ሦስተኛ ማርሽ አልገባም አለ።

ሻይ አቅርቤ፣ ከጋዜጣው ቢሮ ይዤው የመጣሁትን ጽሑፍ እያረምኩ ነበር። አንድ አንቀጽ ቀርቶኛል። ከታች በኩል የሞተር ድምፅ ይሰማል። ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ግን አይቀርብም። ብቅ ብዬ ሳይ ኤልያስ ባለአራት ጎማውን እየገፋ ዳገቱን ይወጣል። ማርታ ከኋላ ትገፋለች። ሁለቱም በሳቅ እየሞቱ ነው። ሲስቁ ጉልበታቸው ይላላል፣ ሲላላ ሞተሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይስቃሉ።

ደብተር፣ ከገና ወዲህ ስላልጻፍኩብሽ ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ልጄ ማርታ እሁድ ጥር 17 ኤልያስን ታገባለች። ከዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ እስከ በራችን ያለው መንገድ ክረምቱ እንደወጣ ለቱቦ ተቆፍሮ እንደተከፈተ ቀርቷል። መኪና አይወጣም። «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር በሥራዬ ስንት ጊዜ እንዳረምኩ አላውቅም፤ አሁን እሱ ውስጥ እየኖርኩ ነው። የሠርጉ መኪኖች ታች አስፋልቱ ላይ ይቆማሉ። ሙሽራዋ እንዴት ትወርዳለች? ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመን እናውርዳት አሉ። ማርታ፣ እኔ ሶፋ ነኝ እንዴ አለቻቸው። ኤልያስ የራሱን ሞተር አቀረበ። የስፖርት ሞተር ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ጎማዎቹ እንደ እንስራ የወፈሩ። በጉድጓዱ ላይ የተዘረጋውን ሳንቃ ይሻገራል፣ ድንጋዩንም ከምንም አይቆጥረውም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ መንገዱን ወርጄ አየሁ። ከዚያ እሺ አልኩ።

አሁን ደግሞ ማርሹ።

ማታ 1 ሰዓት

አንድ ነገር ለሁለቱም ግልጽ አድርጌያለሁ። ሦስተኛ ማርሽ ለዚህ ዳገት አያስፈልግም፣ ያ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው፦ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀየር አንዳንዴ መሃል ላይ ፎሌ ይቀራል። ምንም ማርሽ አልያዘም ማለት ነው። በእኛ ቁልቁለት፣ በቀሚስ፣ ከጉድጓድ አጠገብ፣ ያለ ማርሽ መንሸራተት። ካልተስተካከለ ልጄ አትወጣበትም። ኤልያስ፣ እሺ እትዬ አስቴር፣ እኔም አልወጣበትም አለ። ማርታ ምንም አላለችም። ዝም ስትል አልወድም።

እሁድ፣ ጥር 3፤ ከሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ግቢው ጋራዥ ሆኗል። ኤል. (ከዚህ በኋላ እንዲህ እጽፈዋለሁ፣ ስሙ በየመስመሩ ይመጣል) የመፍቻ ቦርሳውን ዘርግቷል። ጥፋቱ ይታወቃል ይላል፤ ከገና በፊት ባለው እሁድ እንጦጦ ላይ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ውሃውም እስከ ሞተሩ ደርሶ ነበር፣ በቃ ውሃ ገብቷል።

ይታወቃል የሚባል ነገር በሥራዬ ብዙ ሰምቻለሁ። ይጣራ አልኩ።

አንድ፦ ዘይቱ። በነጭ ሳህን ቀዳነው። (ሳህኔ ነው። ደህና ሁን ብዬዋለሁ።) ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ሻይ ይነጣል አሉ። ይሄ አልነጣም። የብረት ፍርፋሪም የለበትም፣ ማርታ በጣቷ አሽታ አየች። የማርሽ ጥርስ አልተሰበረም ማለት ነው።

ሁለት፦ ፍሪሲዮኑ። ሞተሩን አጥፍተው አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ እጀታውን ጨብጠው ገፉት። ያለ ችግር ተንከባለለ። ሲለቁት ቀጥ ብሎ ቆመ። ፍሪሲዮኑ ይለቃል፣ ይይዛልም።

ስለዚህ ውሃ የለም፣ የተሰበረ የለም፣ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው። ኤል. ቅር አለው። ጥፋቱን ለቦዩ ሊሰጥ በጣም ተዘጋጅቶ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 4፤ ማታ 1:30

ቢሮ ረጅም ዋልኩ። ሁለት ገጽ ዘግይቶ ገባ። ስመለስ ሙሉጌታ ግቢ ውስጥ ነው። ሙሉጌታ በሸጎሌ መንገድ ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ፣ የኤል. ጓደኛ። ቁመቱ ረጅም፣ ነገሩ አጭር።

ያገኘው ይሄ ነው። የማርሹ መርገጫ በግራ እግር ጣት ነው የሚሠራው። ወደ ታች ሲጫኑት አንደኛ፣ ወደ ላይ ሲያነሱት ሁለተኛ፣ እንደገና ሲያነሱት ሦስተኛ። ከእያንዳንዱ ቅያሪ በኋላ መርገጫው በራሱ ወደ መሃል መመለስ አለበት፣ ካልተመለሰ የሚቀጥለውን አይይዝም። የኤል. መርገጫ አይመለስም። ሁለተኛ ሲገባ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ሙሉጌታ በእጁ ወደ መሃል መለሰው፣ ያኔ ሦስተኛ ገባ። መለሰው፣ አራተኛ ገባ። ማርሾቹ ሁሉም አሉ።

ፍርዱ፦ ውስጥ ያለው መላሽ ሞላ ሳይሰበር አይቀርም። ሞተሩ ይከፈት። ሞላው እዚህ አይገኝም፣ ከውጭ ይመጣል።

መቼ ይደርሳል ብዬ ጠየቅሁ። ሙሉጌታ ማርታን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። ከሠርጉ በኋላ፣ እትዬ።

ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ፣ ወንበሩ እኮ አለ ብላ ጮኸች። ማርታ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ረቡዕ፣ ጥር 6፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ስለ ማርሽ የማውቀው የለም። መጠየቅ ግን አውቃለሁ። ሞተሩ እንዳይከፈት አንድ ቀን ለመንኩ።

ኤል.ን በስልክ ያዝኩት። ጋዜጠኛን እንደምጠይቅ ጠየቅሁት፦ ያየኸውን ብቻ፣ የምታስበውን ተወው። መጨረሻ በደንብ የገባልህ መቼ ነው? እሁድ፣ ከገና በፊት። ከቦዩ በፊት ወይስ በኋላ? ዝም። በኋላ አለ። ከቦዩ ወጥቶ ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ወርዷል፣ ሁሉንም ማርሽ እየቀያየረ፣ እንደ ቅቤ። አባቱ ግቢ አቆመው። በዓሉ መጣ፣ አልነካውም። ቅዳሜ አስነሳው፣ ተበላሽቶ አገኘው።

ታዲያ ቦዩ ምን አደረገ አልኩት።

እ... ምንም አለ። ከዚያ ሳቀ። እትዬ አስቴር፣ ምስኪኑን ቦይ ስሙን አጥፍቼዋለሁ።

ስለዚህ እየሄደ አልተበላሸም። ቆሞ ነው የተበላሸው። ቆሞ የሚሰበር ሞላ ሊኖር ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣልኝ ሁለተኛ ምንጭ እጠይቃለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 7፤ ከሰዓት 11 ሰዓት

ሁለተኛው ምንጭ ማርታ ሆነች። የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ተመራማሪ ናት፤ በሥራዋ በሞተር ተራራ ለተራራ ትዞራለች፣ ነገር ሲደጋገም ታያለች። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መርገጫው ጨርሶ አይመለስም አለች። ግማሽ ሰዓት ከሠራና ከሞቀ በኋላ ቀስ እያለ፣ እየተጎተተ፣ ይመለሳል። ትናንትም ዛሬም ሞክራለች። ያው።

ለሙሉጌታ ደወልኩ። የተሰበረ ሞላ ሲሞቅ ይድናል ወይ?

አይድንም አለ። ከዚያ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው ሲሞቅ የሚላላው አለ። ድምፁ ውስጥ ፈገግታ ነበር። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሞተሩን እንዳትነኩት።

ዛሬ ዱባ ወጥ ሠራሁ። እንደ በዓል በላን። ገና ምንም አልተገኘም እኮ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9፤ ከሰዓት 9 ሰዓት

ተገኘ። እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ሙሉጌታ መርገጫውን በአንድ ብሎን ፈትቶ አወጣው። ዘንጉ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ፣ ከመርገጫው ጀርባ፣ ጥቁር የደረቀ ጭቃ እንደ ቀለበት ተጠምጥሟል። የእንጦጦ ጭቃ ነው አለ ኤል.፤ አሁንም ቦዩን አልለቀቀም። ሙሉጌታ በካቻቢቴ ሊፍቀው ሲል ማርታ እጁን ያዘችው። ቆይ አለችው። ቅጠል የምታይበትን አጉሊ መነጽር ከቦርሳዋ አወጣች፣ ሆዷን መሬት ላይ አድርጋ ተኛች (ሠርጉ ሊደርስ፣ ፊቷ ዘይት) እና አየች። በብሩሽ ጠረግ ጠረግ አደረገች። እንደገና አየች።

ጭቃ አይደለም አለች። ጥጥ ነው። የተፈተለ።

ክር! ዘንጉ ላይ በጥንቃቄ፣ ጥብቅ ተደርጎ፣ ዙሪያ በዙሪያ የተጠመጠመ ክር። ዘይትና አቧራ ጠጥቶ አብጧል፣ መርገጫውንና ሞተሩን መሃል ላይ አንቆ ይዟል። ሲበርድ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይላላል። ሙሉጌታ መጨረሻውን ይዞ ሳበው። ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅም አለ። መርገጫውን መልሶ አሰረና በእግሩ አነሳው።

ጠቅ ብሎ ተመለሰ። አነሳው፤ ተመለሰ። ሁላችንም ተራ በተራ በእጃችን አነሳነው። እኔ ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ማን አሰረው የሚለው መጣ። መጠየቅ አላስፈለገም። ሞተሩ የቆመው ጋሽ ዳና ግቢ ነው። ጋሽ ዳና የኤል. አባት፣ ሸማኔ፣ ድሩን የሚዘረጉት እዚያው ግቢ ነው። ከዘንጉ ዘይት ይንጠባጠብ እንደነበር ኤል. አመነ። እሳቸው ነጭ ድር በሚዘረጉበት ቦታ ዘይት ሲንጠባጠብ አዩ፣ ልጃቸውን ማስቸገር አልፈለጉም፣ ባላቸው ነገር አሰሩት። ማሰሩን ደግሞ ያውቁበታል። አንዲት ጠብታ አላሳለፈም።

12 ሰዓት

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አልረሳሁም፣ ለብቻው ልጽፈው ፈልጌ ነው።

ማርታ ክሩን በቤንዚን አጠበችው። ለምን አልኳት፤ ለማየት አለች። ከላይ ያለው ጥቁር ነው። ወደ ውስጥ ያለው ግን ቀለሙን ይዟል። ብርቱካንም ቀይም ያልሆነ ቀለም። ማርታ መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቁጭ አለች።

ባለፈው ዓመት ከማዕከሉ ጫካ አንድ እፍኝ የቀጋ (የዱር ጽጌረዳ) ፍሬ ወስዳ ለጋሽ ዳና ሰጥታቸው ነበር፣ እንዲሁ፣ ቀለሙ ደስ ስላላት። የሠርጓን ቀሚስ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ጥለቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም፤ ለሚስታቸውም ጭምር። ቤታቸው እንዲህ ነው፣ ሙሽራ የራሷን ጥለት የምታየው ቀሚሱ ሲሰጣት ነው።

የቀጋ ፍሬ ቀለም ነው አለች ማርታ። በጣም ቀስ ብላ። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፣ ዘይቱ ጉንጯ ላይ ተለቀለቀ።

ከጥለቱ በተረፈ ክር ሞተሩን አሰሩት።

እሁድ፣ ጥር 10፤ ከተራ

ታቦት ሸኝተን መጣን። እግሬ የለም።

ጥያቄው፦ ለጋሽ ዳና ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው። ኤል.፣ አይነገር ይላል። ሠርግ ሊደርስ፣ አማት ለአማት፣ ሞተሩን ያበላሹት እርስዎ ነዎት ይባላል እንዴ? ደግሞ ክሩን ካነሳን ቀለሙን ማየታችን ይታወቃል፣ ለዓመት የጠበቁት ምሥጢር ይበላሻል። ማርታ አልወሰነችም። እኔ፣ ዜናው ተረጋግጧል፣ ምንጩም ታውቋል። ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ለወጣት ሪፖርተሮች ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። ለራሴ ስናገረው ይከብዳል።

ሰኞ፣ ጥር 11፤ ጥምቀት

ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ከዚህ ነጭ ውስጥ ስንቱ በጋሽ ዳና እጅ እንዳለፈ አሰብኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ ላይ ናቸው፣ ለዚህ ነው ብቅ ያላሉት።

ከሞተሩ ሥር አንዲት የዘይት ጠብታ። ክሩ የለማ።

ረቡዕ፣ ጥር 13፤ ከሰዓት 11 ሰዓት

ሙሉጌታ የዘይት መከልከያ ጎማውን አገኘ፣ ከአዝራር የማትበልጥ። አሮጌው ተሰንጥቆ ነበር። ከውጭ በኩል ተነቅሎ አዲሱ ከውጭ ገባ፣ ሞተሩ አልተከፈተም። አዲስ ዘይት ተሞላ። ሳህኔ ግን አልዳነም።

ሙከራ። ማን ከኋላ ይቀመጥ ሲባል ሁሉም እኔን አዩ። ካልተስተካከለ ልጄ አትወጣም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማጣራት የእኔ ፈንታ ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ኤል. አስነሳው። አንደኛ። ሁለተኛ፣ መሃል ላይ አልቀረም። ሳንቃውን ተሻገርን። ታች አስፋልቱ ላይ ሦስተኛ ገባ። እግሩን ሳይሆን መርገጫውን ነበር የማየው፤ ይመለሳል፣ ይመለሳል፣ ይመለሳል። የዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪዎች አጨበጨቡ። አንዷ፣ ማዘር ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት አለችኝ። ገና አልወሰንኩም አልኳት።

ዳገቱን ስንመለስ መሃል ላይ አስቆምኩት። ያዝ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ተነሳ። ወደ ኋላ አንድ ጣት አልተንሸራተተም። ፈቅጃለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 14፤ ከሰዓት 10 ሰዓት

ጋሽ ዳና መጡ። ሳይታሰብ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳገቱን በእግራቸው። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ከመርገጫው ኋላ አስገቡ፣ ዳበሱ።

«ክሬን ማን ፈታው?»

ኤል. ሰማዩን አየ። ማርታ ጫማዋን አየች። ስንወያይበት የነበረው ሁሉ በአንድ ጥያቄ አለቀ። የተጠየቀ ይመልሳል። እኔ ነኝ አልኳቸው። ክሩ ዘይቱን ይዞልን ነበር፣ ማርሹንም አብሮ ያዘው።

አልተቀየሙም። ያሳዩኝ አሉ። ማርታ መርገጫውን በእጇ አነሳችላቸው፣ ጠቅ ብሎ ተመለሰ። እሳቸውም አነሱት። ደጋግመው። ከዚያ ሽመናቸው ላይ ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ሁለት እግራቸውን አየር ላይ ተራ በተራ ረገጡ።

«ወይ ጉድ። የኔም ሽመና እኮ በመርገጫ ነው። ሳይመለስ ቢቀር አንድ ክንድ አልሠራም። እና የልጄን መርገጫ በገዛ እጄ አሰርኩት?»

መሳቅ ጀመሩ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኛም ተለቀቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቀና ብለው ማርታን አዩዋት፣ ፊታቸው ተለወጠ።

«ክሩን... አጠባችሁት?»

የማርታ ፊት መለሰላቸው።

አሰቡ። ጢማቸውን አሻሹ።

«በቃ እንስማማ። እናንተ ቀለሙን አላያችሁም፣ እኔም ክሩን አላሰርኩም።»

ተስማማን። ተጨባበጥን። ደብተር፣ አንቺም አላየሽም።

12 ሰዓት

ዳቦ በሻይ እየበላን ማርታ ሰሞኑን በሆዷ ይዛው የሰነበተችውን ተናገረች። ዝምታዋ ይሄ ነበር። እሁድ ከኋላ መቀመጥ አትፈልግም። መንዳት ትፈልጋለች። ዳገቱን ከኤል. ይበልጥ ታውቀዋለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ወጥታዋለች፤ ሞተር በየቀኑ ትነዳለች፤ መርገጫውንም ከማንም በላይ አይታዋለች፣ በአጉሊ መነጽር። ኤል. ከኋላ ይቀመጣል።

ኤል. ወዲያው እሺ አለ። ወገቧን ይዤ ልመጣ ነው፣ ምን ጎደለብኝ። አባቱ በዓይናቸው ገሠጹት።

እኔን አዩኝ። የማርሹ ጉዳይ ተጣርቷል፣ በእኔ በኩል ተቃውሞ የለም አልኩ። (ልቤ ይመታ ነበር። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አላጣራሁም።)

ጋሽ ዳና ስለ ወግ ያነሱ ይሆናል ብዬ ነበር። አላነሱም። ተነስተው ሞተሩን ዞሩት። ሰንሰለቱን አዩ፣ የኋላውን ጎማ አዩ፣ በስንዝራቸው ከመቀመጫው እስከ ሰንሰለቱ ለኩ። ከዚያ ማርታን መቀመጫው ላይ አስቀምጠው ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለኩ። ጨርቅ እዚህ ከገባ አደጋ ነው አሉ። የቀሚሱ ጫፍ እስከ መሬት ነው። ማጠር ይችል እንደሆነ፣ ጥለቱ ሳይቆረጥ ወደ ላይ የሚታጠፍበት መንገድ ካለ፣ ቤት ገብተው ዘርግተው ካላዩት አይናገሩም። ካልሆነ ኤል. ይነዳል፣ እሷ በጎን ትቀመጣለች፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ማርታ እስከ ጉድጓዱ ሸኘቻቸው። ከበር ሆኜ አያለሁ። ሳንቃው ላይ ቆመው አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፣ እሳቸው ደግሞ በእጃቸው አየር ላይ ጨርቅ እያጠፉ አሳዩዋት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና ወረዱ።

መልሱን ቅዳሜ ጥር 16 ከቀሚሱ ጋር ይዘው ይመጣሉ።